ጓንት ውስጥ ያለፈው እርሾ

ቡታጅራ ውስጥ ሰው ከመብላቱ በፊት መብራት ይጠብቃል። በየቤቱ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ከሬዲዮ የማትበልጥ ነጭ ሣጥን ተሰቅላለች። ሕጋዊ ስሟ ረጅም ስለሆነ ሁሉም «ዘብ» ይላታል። ከተሠራው ምግብ የጥፍር ያህል ተቆንጥሮ ወደ አፏ ይገባል። አረንጓዴ ከበራች ይበላል። ቀይ ከበራች ምግቡን ማንም አይነካም፤ ድስቱ እንደተከደነ ደጅ ይወጣና ቀዩ መኪና መጥቶ እስኪወስደው ይጠበቃል።

ለዚህ ኑሮ እንግዳ የሚሆን ሰው አሁን ብዙ የለም። ለአረፋ በዓል ከየአገሩ የሚመጡ ዘመዳሞች እንደ ድሮው አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ግን የሚበላው የራሱን የታሸገ ሣህን ከፍቶ ነው። ጉርሻ በሕግ የተከለከለው ገና በመጀመሪያው ዓመት ነበር። በሠርግ ቀን ሙሽሮች ባዶ ጣታቸውን ወደ አፍ አስጠግተው ፎቶ ይነሳሉ፤ ዘመድ ያጨበጭባል። የሚስቅ የለም።

ነስሩ ከድር የቀዩ መኪና ሹፌር ነበር። ጠዋት ጠዋት በየደጁ እየዞረ ቀይ የበራበትን ምግብ ይሰበስባል፤ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ውጭ ወዳለው ማቃጠያ ወስዶ ይደፋል። ሰው ሲያየው ፊቱን ያዞራል። አንዳንዷ እናት ድስቱ ውስጥ ያለው ዶሮ አሳዝኗት «እስቲ አንዴ ደግመህ እየው» ብላ ትለምነዋለች። አይቆጣም፤ ድስቱን ግን አይመልስም። ሥራውን የያዘው ለደመወዙ ብቻ አልነበረም።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ አገሬው እስከ ዛሬ «የአይብ ዓመት» የሚለው መቅሠፍት መጣ። ሊስቴሪያ የሚባል፣ የታወቀ መድኃኒት ሁሉ የማይበግረው ባክቴሪያ ከምግብ ጋር እየገባ ስንቱን ቤት ዘጋ። የነስሩ እናት ክትፎ በአይብ በላች፤ ትኩሳት ያዛት፤ አንገቷ ደረቀ፤ በመጨረሻም ልጇን በስሙ መጥራት እንዳቃታት ሞተች። እህቱ ራድያ ያኔ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። አባታቸው ቀደም ብሎ ስለሞተ የእናታቸው ታላቅ እህት ሸምሲያ ሁለቱንም ዘቢዳር ተራራ ሥር ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። ነስሩ ለሥራ ሲደርስ ራድያን ይዞ ከተማ ገባና አስተማራት። አግባ ሲሉት «መጀመሪያ እሷ ትቁምልኝ» ይል ነበር። ራድያ የጂኦግራፊ መምህርት ሆና ስትቆም የእሱ ጠጉር ሸብቷል።

የዚያ ዓመት መርማሪዎች የባክቴሪያውን ጎጆ ያገኙት የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ማዕድ ጥበቃ የሚባል ቢሮ ተቋቋመ፤ በየመንደሩ ያለው ጉድጓድ ሁሉ በኖራ ተደፈነ። እንሰት መትከል አልተከለከለም። ቆጮ ግን ከፋብሪካ የሚወጣ፣ ነጭ፣ ሽታ የሌለው፣ በፕላስቲክ የታሸገ ነገር ሆነ። ነስሩ ይህን ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ያምን ነበር። እናቱን ያጣ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊያምን ይችላል?

ራድያ ጉበቷ ላይ ዕጢ የተገኘባት ባለፈው ክረምት ነው። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች የሚችሉትን አድርገው «እቤትሽ ሆነሽ ዕረፍት ብታደርጊ ይሻላል» አሏት። የዚህን አነጋገር ትርጉም ወንድምም እህትም ተረዱት፤ እርስ በርሳቸው ግን አላወሩትም። ክትትሏን የያዘችላት ዶክተር ማርሸት የምትባል፣ በከተማው ዳር ባለው የማዕድ ጥበቃ ቤተ ሙከራ የምትሠራ ሴት ነበረች። የዶክተሯ መደበኛ ሥራ ከምግብ የሚመጡ ተሕዋስያንን ማጥናት ነው። በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ ከዕፅዋትና ከሻጋታ ካንሰርን የሚያጠቃ ነገር ትፈልጋለች። ባልደረቦቿ ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል ይሏት ነበር።

በጥር ወር ዶክተር ማርሸት የራድያን ጉበት ምስል ስክሪን ላይ ከፍታ ከቀድሞው ጋር አስተያየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች።

«ዕጢው ግማሽ ሆኗል» አለች። «የኔ መድኃኒት አይደለም፤ ምንም አልሰጠሁሽም። ምንድን ነው የምትበዪው?»

«ዘቧ የፈቀደችልኝን» አለች ራድያ።

ነስሩ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። አልሐምዱሊላህ ብሎ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። ደስታው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ይህቺን ልጅ ያሳደገ እሱ ነው፤ ስትዋሽ ድምፅዋ እንዴት ቅጥን እንደሚል ያውቃል።

በማግሥቱ ቅዳሜ ራድያ ልብስ ስታጥብ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ነስሩ ሲያልፍ አንድ ሽታ አስቆመው። የጎመዘዘ፣ እርጥብ አፈር አፈር የሚል ሽታ ነው፤ ከልጅነቱ ወዲህ አሽትቶት አያውቅም። ቦርሳውን ከፈተ። በተማሪዎች ደብተር መካከል በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ የተጋገረ ቆጮ አገኘ። ቡናማ ነው፤ ዳር ዳሩ በፍም ጠቁሯል።

ያኔ ቢያስብ ኖሮ ሌላ ነገር ያደርግ ነበር። ግን እጁ የለመደውን አደረገ። ወደ መኪናው ሄደ፤ ከቆጮው ቆንጥሮ መኪናው ላይ ወዳለችው ትልቋ መመርመሪያ ከተተ። ቀይ በራ። ሊስቴሪያ፤ የአይብ ዓመት ዝርያ። ከሥሩ አንድ የማያውቀው የሻጋታ ስም ተጽፏል። መመርመሪያዋ ውጤቱን ወደ ቢሮው ለመላክ የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም፤ ነስሩ ይህን ያስታወሰው «ተልኳል» የሚለውን ቃል ሲያነብ ነው።

ቅጠሉን ይዞ ወደ ግቢ ተመለሰ። ራድያ አየችው፤ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ይሄ ነገር ከየት መጣ?»

«ጋሼ፣ ቁጭ በል መጀመሪያ።»

«አልቀመጥም። ይሄ ነው እናታችንን የገደላት! ይሄ ራሱ ነው! ስሙን አይቼዋለሁ!»

«አክስቴ ጋ ነው» አለች ራድያ። «ጉድጓዶቹ ሲደፈኑ አንዱን በከብቶቹ በረት ሥር ደበቀችው። የተረፈኝ ነገር የለም ብዬ ልሰናበታት ስሄድ አበላችኝ። የዚያን ሰሞን ስቃዩ ቀለለኝ። ደግሜ ሄድኩ።»

«ልትሞቺ ነው የሄድሽው!»

«እየሞትኩ ነበር'ኮ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በደንብ ሲጋገር ባክቴሪያው ይሞታል፣ ጋሼ። ዘቧ ሬሳውንም በቁም ያለውንም አትለይም፤ ሁለቱንም ቀይ ነው የምትለው። እናታችንን የገደላት የተጋገረ ቆጮ አይደለም። ጥሬውን በነካ እጅ አይብ ስለቀረበላት ነው።»

ነስሩ ቅጠሉን መልሶ ጠቀለለ። «ውጤቱ ሄዷል» አለ ብቻ። ራድያ ገባት። ልብሱን ትታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ያን ቀን ሁለቱም ምሳ አልበሉም።

ቢሮው ሊጠይቃቸው አልመጣም። መጠየቅ አላስፈለገውም፤ የራድያን የአውቶቡስ ካርድ አይቶ በየሳምንቱ የት እንደምትወርድ አወቀ። እሑድ ጠዋት ለነስሩ ትእዛዝ ደረሰው፤ ኖራና ነዳጅ ጭኖ በማግሥቱ ዘቢዳር ሥር ወዳለው መንደር እንዲሄድ። አድራሻው የአክስቱ ነበር።

ትእዛዙን ገና አንብቦ ሳይጨርስ በሩ ተንኳኳ። ዶክተር ማርሸት ናት፤ የሮጠች ይመስል ትተነፍሳለች።

«የመኪናዎን ውጤት ቤተ ሙከራ ሆኜ አየሁት፣ አቶ ነስሩ» አለች። «ከሊስቴሪያው ሥር የተጻፈውን ሻጋታ አስተውለዋል? ይህን ሻጋታ ለዓመታት ስፈልገው ነበር። ከሊስቴሪያው ጋር ነው የሚኖረው። ባክቴሪያው እንዳያጠፋው የሚከላከልበት የራሱ መርዝ አለው፤ የእህትዎን ዕጢ የሚበላው ያ መርዝ ነው። እሳት አያጠፋውም።»

«እንግዲያው ባክቴሪያውን ገድላችሁ ሻጋታውን አሳድጉት።»

«ሞክሬዋለሁ። ከድሮ የተረፈ ትንሽ ናሙና ነበረኝ። ጠላቱን ስገድልለት መርዙን መሥራት ያቆማል። ናሙናውን ለሁለት ልክፈለው ስል ደግሞ ሻጋታው ሞቶ ባክቴሪያው ብቻ ቀረ። አብረው ካልኖሩ አይሆንም።» እንደ መለመን አለች። «ማቃጠሉ እንዲዘገይ ለቢሮው ጽፌያለሁ፤ መልሱ ሳምንታት ይፈጃል። እርስዎ ግን ነገ እዚያው ይሆናሉ። አንድ እፍኝ ጥሬ እርሾ ይበቃኛል።»

«ከወጣ ሰው ይገድላል» አለ ነስሩ።

«ይገድላል» አለች ዶክተሯ። «እያወቅሁ ነው የምለምንዎት።»

በማግሥቱ ነስሩ ከቢሮው ተቆጣጣሪና ከሁለት ሠራተኞች ጋር ወደ መንደሩ ሄደ። ተቆጣጣሪው ደምመላሽ ይባላል፤ ጨዋ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። አክስት ሸምሲያ በረቱ መሀል ቆማ ጠበቀቻቸው። ላሞቹን አስቀድማ አውጥታለች። እንደ ልጇ ያሳደገችውን ነስሩን በቢጫው ልብስና በረጅሙ ጓንት ስታየው ለአፍታ አላወቀችውም ነበር።

«እማማ፣ ወጣ ይበሉልን» አለ ደምመላሽ። «በእርስዎ ላይ ክፋት የለንም።»

«ክፋት ከሌላችሁ ኖራው ምንድን ነው?» አለች። ቀጥላ ወደ ነስሩ ዞረች። «አንተ ነህ የምትቆፍረው?»

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

«እንግዲህ ሌላ እንዳይነካው፤ አንተው ቆፍረው።» ሻሿን አጥብቃ ፈቀቅ አለች። የተቆጣች መስላ ነበር። ነስሩ ግን ለምን እንዲያ እንዳለች የገባው አካፋውን ሲያነሳ ነው፤ ጥቂት ሊያተርፍ የሚችለው የሚቆፍረው ሰው ብቻ ነው።

ጉድጓዱ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ድርብርብ ተሸፍኗል። ሲገልጠው ሽታው ወጣ፤ ሁለቱ ሠራተኞች ጭንብላቸውን ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ደምመላሽም ማቃጠሉን የሚቀርጽበትን ካሜራ ሊያስተካክል ጎንበስ አለ። ነስሩ ጀርባውን ሰጣቸው። የቀኝ ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ ከጉድጓዱ ወለል፣ ከሁሉ ከቆየውና ከጠቆረው፣ አንድ እፍኝ ዘገነ፤ መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ጓንቱን በላዩ ላይ ሳበው። እርጥበቱ በጣቶቹ መካከል ገባ። በአውራ ጣቱ ሥር ትናንት ድስት ሲያነሳ የቧጨረው ቁስል ነበር፤ ሲያቃጥለው ተሰማው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በግራ እጁ ሠራ። ነዳጁ ፈሰሰ። እሳቱ ተለኮሰ። ኖራው ተነሰነሰ። አክስቱ አላለቀሰችም፤ ሲጨርሱ ሠራተኞቹ በትሕትና ክንዷን ይዘው ወደ ቢሮው መኪና አስገቧት። ለጥያቄ ነው ተባለ። በደንቡ መሠረት ነስሩ ጓንቱን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መጣል ነበረበት።

«ጓንትህ» አለ ደምመላሽ።

«ከመኪናው ጋር አብሬ አጥበዋለሁ» አለ ነስሩ። ስንት ዓመት የታመነ ሠራተኛ ነው፤ ደምመላሽ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። በመመለሻቸው ላይ መኪና ሁሉ የሚፈተሽበት ኬላ አለ። ቀይ ምግብ እንዲይዝ የተፈቀደለት መኪና አንድ ብቻ ነው፤ የነስሩ። ሳይፈተሽ አለፈ።

ወደ ቤተ ሙከራው የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ፍሬኑን ያዘ። ዶክተሯ እዚያ እየጠበቀችው ነው። እፍኙ ለእሷ ከተሰጠ ምናልባት ለብዙ ሰው መድኃኒት ይሆናል፤ ራድያ ግን እስከዚያ አትቆይም። ሊካፈል ደግሞ አይችልም፤ ሲከፈል ሻጋታው ይሞታል። ከኋላው ያለ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ነስሩ አልታጠፈም፤ ወደ ቤቱ ነዳ።

ዶክተር ማርሸት አመሻሹ ላይ ደረሰች። የግቢውን በር ስትከፍት ራድያ ቀሚሷን ሰብስባ ከጓሯቸው የተቆረጠ እንሰት እየፋቀች ነበር። እርሾው በአዲስ ቅጠል ታስሮ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር!» አለች ዶክተሯ።

«ቃል አልገባሁም» አለ ነስሩ። «የሚገድል ነገር ነው አልኩዎት እንጂ።»

«ለስንት በሽተኛ ሊሆን የሚችለውን ነገር ነው ጓሮ የምትቀብሩት!»

ራድያ መፋቂያውን አስቀመጠች። «ዶክተር፣ እርሾው አዲስ እንሰት ላይ ሲደረግ ይበዛል። ሲበዛ የሚበቃዎትን ይወስዳሉ። ቤተ ሙከራ ወስደው ቢሞትብዎት ግን እኔም እርስዎም ባዶ እጃችንን እንቀራለን። እዚሁ ይምጡና ይጠብቁት።»

«እዚህ ከመጣሁ ተመራማሪ መሆኔ ቀረ፤ ተባባሪያችሁ ሆንኩ ማለት ነው።»

ራድያ መፋቂያውን መልሳ አነሳች። ዶክተር ማርሸት ጫማዋን አወለቀች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ካለው ጓንት ለራድያ አንድ ጥንድ ሰጥታ ለራሷም አጠለቀች።

ጉድጓዱን የቆፈሩት ነስሩ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። ቢሮው በየሰፈሩ የተከላቸው ሽታ የሚለዩ መሣሪያዎች በቀዩ መኪና ዙሪያ ሁልጊዜ ቀይ ስለሚያነቡ ቢሮው ያንን ቦታ ከቁጥር አውጥቶታል። ነስሩ ማታ ሲገባ መኪናውን ከጉድጓዱ በላይ ያቆማል፤ ጠዋት ሥራ ሲሄድ የማዳበሪያ ጆንያ ያለብሰዋል።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የቢሮው ሰዎች የራድያን ደም ወስደው ንጹሕ ስለሆነ በማስጠንቀቂያ ለቀቋት፤ ክፍሏ ውስጥም ሁለተኛ ዘብ ሰቀሉ። የተጋገረ የተረፈ ቆጮ ካለ ብለው ቤቱን በረበሩ፤ የነበረውን ወሰዱ። ስለዚህ የምትበላው መድኃኒት አልነበራትም። ስቃዩ ተመለሰ። ትምህርት ቤት ካርታ እያሳየች ሳለ ግድግዳ ተደግፋ ትቆይ ጀመር፤ ተማሪዎቿ ያያሉ። ነስሩ በየደጁ ድስት ሲለቅም ሐሳቡ መኪናው በሌለበት ቦታ ላይ ነበር። የጎረቤት ሕፃናት ኳስ እየተከተሉ ወደ ግቢው ሲገቡ ሮጦ ይመልሳቸዋል። አንድ ቀን አንዷን ልጅ ክንዷን ይዞ ሲያስወጣ አጥብቆ ኖሮ አለቀሰች። አባቷ መጥቶ «ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» አለው። ነስሩ ይቅርታ ጠየቀና የአጥሩን በር በሰንሰለት ዘጋ።

ዶክተሯ «አሁን ይከፈት» ያለችው በሦስተኛው ሳምንት ማለቂያ ነው። ነስሩ ከዚያ ቀን በፊት ጀምሮ ብርድ ብርድ ይለው ነበር። ድካም ነው ብሎ ለማንም አልተናገረም። ጆንያውን ገለጠ፤ ራድያ በረጅም ማንኪያ ጥሬ ሊጥ አወጣች፤ ዶክተሯ በሕይወት ያለውን ብቻ የምትለየውን የቤተ ሙከራዋን ትንሽ መመርመሪያ አቀረበች።

ሦስቱም መብራቷ ላይ አተኮሩ። አረንጓዴ ከበራ በጉድጓዱ ውስጥ ሁለቱም ሞተዋል፤ የቀረው ተራ ቆጮ ነው። ነስሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ እንዲበራ ጸለየ።

ቀይ በራ። ከሥሩም የሻጋታው ስም መጣ።

ራድያ በክንዷ አፏን ሸፈነች። ዶክተር ማርሸት ሳቀች፤ ወዲያው ትናንሽ ብልቃጦቿን እያወጣች መሙላት ጀመረች። ነስሩም ሊስቅ ፈልጎ ነበር። ጎንበስ ሊል ሲሞክር ግን አንገቱ እንቢ አለ፤ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ እንደ ሽቦ ተወጠረ። መኪናውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ዶክተሯ ቀና ብላ አየችው። ሳቋ ጠፋ።

«አገጭህን ወደ ደረትህ አድርግ» አለች። አንተ ስትለው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

«ደክሞኝ ነው።»

«አድርግ አልኩህ!»

ሞከረ። አልቻለም። ዶክተሯ ግንባሩን ነካች፤ እጁን ገልብጣ በአውራ ጣቱ ሥር ያለውን ያበጠ ቁስል አየች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«አትደውይ» አለ ነስሩ። ምላሱ ከብዶታል። «ሆስፒታል ከገባሁ ከየት አመጣኸው ይሉኛል። ይቆፍራሉ። ራድያ ገና አልበላችም።»

«ካልገባህ በሁለት ቀን ትሞታለህ።»

«እሷ ትብላ መጀመሪያ። ከዚያ...»

ራድያ ጓንቷን አውልቃ ፊቱ ተንበረከከች። ሳትነካው ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ አሳድገኸኛል። ይበቃል» አለች። ወደ ዶክተሯም ቀና ብላ «ይደውሉ» አለች።

ዶክተር ማርሸት ደወለች። ስሟን፣ የሥራ ቦታዋን፣ የቤቱን አድራሻ፣ ግቢው ውስጥ ምን እንዳለ፣ እርሾውን ማን እንዳሳደገው፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ነስሩ የአምቡላንሱን ድምፅ ሰማ። ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውስም።

ሲነቃ አንድ ነጭ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር። ቀኑን አያውቅም። ግራ ጆሮው ውስጥ ምንም ድምፅ የለም፤ ጥጥ የተወተፈበት መስሎት በጣቱ ፈለገ። አልነበረም። በመስታወቱ ማዶ ራድያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ አንዲት ወጣት ነርስ ቆማለች። ራድያ መንቃቱን ስታይ ዘላ ተነሳችና ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሳች። እሱም በእሱ በኩል ያለውን አንስቶ ቀኝ ጆሮው ላይ አደረገ።

«ትሰማኛለህ?»

«በአንዱ ጆሮ። አቃጠሉት?»

«አላቃጠሉትም።» እንባዋን ጠረገች። «ኖራ ጭነው መጥተው ነበር። ዶክተር የጉበቴን ምስል ይዛ ጉድጓዱ ላይ ቆመች። ደምመላሽ ምስሉን ብዙ አየ። ከዚያ አዲስ አበባ ደወለ፤ እስክንወስን ማንም እንዳይነካው አሉት። አሁን ዘበኛ አቁመውለታል።»

«ዶክተሯስ?»

«ከሥራ አግደዋታል። በየቀኑ እየጠሩ ይጠይቋታል። መጀመሪያ ለምን አደረግሽው ይሏት ነበር፤ አሁን እንዴት እንዳደገ ነው የሚጠይቋት። አክስቴን ለቀዋታል። እኛ ቤት ናት፤ ከዘበኛው ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች።»

ነስሩ ሊስቅ ሞክሮ ራሱን ያዘ። ከዚያ መጠየቅ የፈራውን ጠየቀ።

«አንቺስ? በላሽ?»

«አንተን አምቡላንሱ ይዞህ ሲወጣ ያወጣሁት ሊጥ ማንኪያው ላይ ነበር» አለች። «እያለቀስኩ እሳት ለኮስኩ። እነሱ ሲደርሱ ተጋግሮ አልቆ ነበር። ልብሴ ውስጥ ደበቅሁት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እበላለሁ። ትናንት ሐኪሞች መረመሩኝ፤ ዕጢው አልቀነሰም። ግን አላደገም፣ ጋሼ። ቆሟል።»

«አሳዪኝ። ፊቴ ብዪ።»

ራድያ ወደ ነርሷ ዘወር ብላ አየች፤ አመነታች። ከዚያ ከሻሿ ሥር አንድ ትንሽ ጥቅል አወጣች፤ ገለጠችው። ከተጋገረው ቆጮ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች። የሆስፒታሉ ሕግ ግልጽ ነው፤ በመብራት ያላለፈ ምግብ ያየ ሠራተኛ ወዲያው ማስታወቅ አለበት። ነርሷ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ አየች። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ በኩል ያለውን መጋረጃ ጎተተች፤ ዘጋችው።

ተመልሳ ወደ ራድያ ጠጋ አለች። ነስሩ የምትለውን የሰማው ራድያ ስልኩን ከአፏ ስላላራቀች ነው።

«እናቴም ጡቷ ላይ ዕጢ አለባት» አለች ነርሷ፤ በሹክሹክታ። «ዘግይተናል አሉን። ከዚህ... ትንሽ ይገኛል? ጥሬውም ቢሆን፤ እኔ እጋግረዋለሁ።»

ራድያ በመስታወቱ ውስጥ ወንድሟን አየችው። ነስሩ ነርሷን ተመለከተ። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ቢሆን ነው፤ እጇ ባዶ ነው፤ ጓንት የለውም። ቢሮው ውስጥ የሠራባቸው ዓመታት፣ በየደጁ የተቀበላቸው ድስቶች፣ አንገቷ የደረቀ እናቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡበት። የለም ሊል አፉን ከፈተ።

«ከተጋገረው ስጪያት» አለ በስልኩ። «ጥሬውን ግን በምንም ዓይነት እንዳትነካ ንገሪያት። እጄን አሳዪያት፤ እንዲህ በባዶ እጅ እንዳትነካው በዪያት።»